ተከሳሹ ፕሮፌሰር፦ የሊ ቦሊንገር ጉዳይ

መጀመሪያ አንድ ሠንጠረዥ ላሳያችሁ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1998 ጀምሮ የአመልካቾችን ፋይል ከ150 ያርም ነበር። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) የሁለተኛ ደረጃ ውጤት እስከ 80 ያስገኛል። የመግቢያ ፈተናውን የደፈነ 12 ያገኛል። የግዛቱ ልጅ 10። እናቱ ወይም አባቱ እዚያው የተማሩለት 4። ድርሰቱ ግሩም የሆነለት 3። ጥቁር፣ ሂስፓኒክ ወይም የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ ከሆነ ደግሞ 20። 100 የሞላለት ገባ ማለት ነው።

ሒሳቡን እዩት። ጥቁር ሆኖ መወለድ ፈተናውን ከመድፈን 8 ነጥብ ይበልጣል። ለስፖርት ቡድን የተመለመለም 20፣ ከድሃ ቤተሰብ የመጣም 20 ያገኝ ነበር። ይህን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ጠበቃ እጅ ሲገባ ሠንጠረዡ አንድ መስመር ብቻ ያለው ይመስላል።

ለዚህ ሠንጠረዥ መልስ የመስጠት ዕዳ የወደቀው ሊ ቦሊንገር ላይ ነው። የሕገ መንግሥት ሕግ መምህር ናቸው። በፌብሩዋሪ 1997 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነው ቢሮ ገቡ። በኦክቶበር ዘራችን ጎዳን ያሉ ነጭ አመልካቾች ከሰሷቸው። በዲሴምበር ሁለተኛ ክስ ተጨመረ። የእኛ ሰበር ችሎት «አመልካች እገሌ፣ ተጠሪ እገሌ» ብሎ እንደሚጽፍ፣ የአሜሪካ መዝገብም በተከራካሪዎቹ ስም ይጠራል። ሁለቱ ጉዳዮች «ግራትዝ በቦሊንገር ላይ» እና «ግሩተር በቦሊንገር ላይ» ተብለው ቀሩ። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የሰው መዝገብ ሲያስተምሩ የኖሩት ፕሮፌሰር ራሳቸው መዝገብ ሆኑ።

እንዴት እዚህ ደረሱ? ታሪኩ አጭር ነው። በ1946 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ሮዛ ተወለዱ። የልጅነታቸው ከፊል ኦሪገን ውስጥ ቤከር በምትባል ትንሽ ከተማ አለፈ። አባታቸው የአካባቢ ጋዜጣ አሳታሚ ነበሩ። ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፣ በ1971 ኒው ዮርክ ካለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ዋረን በርገር ረዳት ሆነው ሠሩ። በ1973 ሚቺጋን የሕግ ትምህርት ቤት ገብተው ማስተማር ጀመሩ።

የጋዜጣ አሳታሚ ልጅ ምን ያስተምራል? የንግግርና የፕሬስ ነፃነትን። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካን ያመሰ ጉዳይ ነበር። ናዚዎች ስኮኪ በምትባል የኢሊኖይ ከተማ ሰልፍ እንውጣ አሉ። ስኮኪ ከሆሎኮስት የተረፉ ብዙ አይሁዶች የሚኖሩባት ናት። ፍርድ ቤቶቹ ናዚዎቹን መከልከል አይቻልም አሉ። ቦሊንገር በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ያዙት፦ እንዲህ ያለ ንግግር ምን ይጠቅማል ተብሎ ነው ጥበቃ የሚሰጠው? መልሳቸው ያልተለመደ ነበር። ንግግሩ ራሱ ላይጠቅም ይችላል። ኅብረተሰቡ ግን የሚጠላውን ሰምቶ እጁን ሲሰበስብ ራሱን መግዛት ይለማመዳል። ልምምዱ ለሌላው የኑሮ ጉዳይ ይተርፋል። በእኛ ቋንቋ ቻይነት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ከ1987 እስከ 1994 የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ነበሩ። በዚህ ጊዜ ያቋቋሙት የመምህራን ኮሚቴ የተማሪ ቅበላ መመሪያ አረቀቀ፣ በ1992 ጸደቀ። መመሪያው ነጥብ የለውም። የአመልካቹ ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባል፤ ዘር ከብዙ ነገሮች አንዱ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ወዳለው ዳርትመዝ ኮሌጅ ሄደው ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ ያለውን የትምህርት ኃላፊነት ያዙ። ጄኒፈር ግራትዝ በ1995 ሚቺጋን አመልክታ ስትወድቅ ቦሊንገር ኒው ሃምፕሸር ነበሩ፣ ጉዳዩ ውስጥ እጃቸው የለበትም። ባርባራ ግሩተርን የጣለው የሕግ ትምህርት ቤት መመሪያ ግን የእሳቸው ዘመን ሥራ ነው። አንዱ መዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረው በወንበሩ ምክንያት ነው፣ ሌላው ላይ ግን በሥራቸውም ጭምር።

ቅንፍ ልክፈት። በግሩተር መዝገብ አብረው ከተከሰሱት አንዱ ያኔ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን የነበሩት ጄፍሪ ሌማን ናቸው። እሳቸውም የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ2003 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት አድርጎ ወሰዳቸው። የአንድ መዝገብ ሁለት ተከሳሾች የሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንት ሆኑ ማለት ነው። ክስ እንዲህ ሰው ሲያሳድግ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ክሱ የመጣው በክፉ ጊዜ ነው። በ1996 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በተመሳሳይ ክስ በይግባኝ ተሸንፎ ነበር። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ሕዝብ ልዩ ድጋፍን፣ ማለትም ዘርን ቆጥሮ በቅበላ ማገዝን፣ በድምፁ ከልክሏል። እኛ አገር ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ ይልላቸው እንደነበር የምታውቁ፣ በየዓመቱ ውጤት ሲወጣ የሚነሳውን ሙግትም ታውቁታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሙግቱ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ቀላሉ መንገድ መመሪያውን ድምፅ ሳያሰሙ ቀይሮ ክሱን ማክሰም ነበር። ቦሊንገር እንከራከራለን አሉ።

እዚህ ላይ የሕግ ፕሮፌሰርነታቸው ጠቀማቸው። ብዙ ሰው ልዩ ድጋፍን የሚደግፈው በታሪክ ምክንያት ነው። ባርነት ነበር፣ መለያየት ነበር፣ ካሳ ይገባል ይላል። ይህ በር ግን በ1978 ባኪ በሚባለው መዝገብ ለዩኒቨርሲቲዎች ተዘግቶ ነበር። ክፍት የቀረው አንድ መስኮት ነው። እሱም ልዩ ልዩ አስተዳደግ ያላቸው ተማሪዎች አብረው ሲማሩ ትምህርቱ ራሱ ይሻሻላል የሚለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ፓወል ሐሳብ ነው። ፓወል ያን ክፍል የጻፉት ለብቻቸው ነበር፤ ሌላ ዳኛ አልፈረመላቸውም። ስለዚህ የሚቺጋን ጠበቆች ልባቸው ያለውን ሳይሆን ሕጉ የሚሰማውን መናገር ነበረባቸው። ይህ ምቾት አይሰጥም። ደጋፊዎቻቸው ራሳቸው «ለምን ስለ ባርነት አታወሩም?» ይላሉ።

ደግሞ በክርክር ብቻ እንደማያሸንፉ ገብቷቸዋል። ከጎናቸው የሚቆም ሰው ፍለጋ ወጡ። ትልልቅ ኩባንያዎች መጡ፣ ጄኔራል ሞተርስን ጨምሮ። ጡረታ የወጡ ጄኔራሎችና አድሚራሎች መጡ፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት አዛዥ ኖርማን ሽዋርዝኮፍ አንዱ ናቸው። ክሱ ውስጥ ወገን ያልሆነ ሰው ሐሳቡን በጽሑፍ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ጄኔራሎቹ ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ወታደሩ በብዛት ጥቁር፣ መኮንኑ ሁሉ ነጭ ከሆነ ጦር አይመራም። ቬትናም ላይ አይተነዋል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጄራልድ ፎርድ ናቸው። ሪፐብሊካን ናቸው፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ በወጣትነታቸው ለሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ የተጫወቱ። በኦገስት 1999 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጽፈው ከዩኒቨርሲቲው ጎን ቆሙ። ያነሱት ስለ ቡድን ጓደኛቸው ዊሊስ ዋርድ ነው። ዋርድ ጥቁር ነበር። በ1934 ከጆርጂያ ቴክ ጋር ጨዋታ ተያዘ። የደቡቡ ቡድን ጥቁር ሜዳ ከገባ አንጫወትም አለ። ሚቺጋን ዋርድን አስቀመጠው። ፎርድ ከቡድኑ ሊወጡ አስበው እንደነበር ይነገራል፤ በመጨረሻ ተጫወቱ። ሚቺጋን 9 ለ 2 አሸነፈ። በዚያ ዓመት ያሸነፈው ጨዋታ እሱ ብቻ ነበር። ከ65 ዓመት በኋላ አንድ ሽማግሌ ያን ቀን እያስታወሰ ሲጽፍ ከየትኛውም የጠበቃ ማመልከቻ በላይ ይናገራል።

በመሃል ሌላ ነገርም ነበር። በኖቬምበር 1997፣ ከመጀመሪያው ክስ በኋላ፣ ከሁለተኛው በፊት፣ ሚቺጋን የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን በዚሁ በአሜሪካ እግር ኳስ አሸነፈ። ተማሪው በደስታ ሰክሮ ወደ ፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ጎረፈ። ሌላ ሰው ፖሊስ ይጠራ ነበር። ቦሊንገርና ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ግቡ አሉ። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬም ይህን ያወራሉ። በፕሬዚዳንትነት ዘመን የሕግ መጽሐፍ የማያስተምራቸው ነገሮች አሉ፤ በር መክፈት አንዱ ነው።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በግሩተር መዝገብ ዩኒቨርሲቲው ሥር ፍርድ ቤት ተሸነፈ፣ ፍርዱ ይግባኙ ላይ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተገለበጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 23 ቀን 2003 ሁለቱንም መዝገቦች በአንድ ቀን ወሰነ። ነጥቡ፣ ያ ባለ 20ው ሠንጠረዥ፣ 6 ለ 3 ወደቀ። የሕግ ትምህርት ቤቱ መመሪያ 5 ለ 4 ቆመ። ሚዛኑን የደፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው፤ የጄኔራሎቹን ጽሑፍ በፍርዱ ውስጥ ጠቅሰውታል።

ልብ በሉ፦ ቦሊንገር በዲንነታቸው ያስረቀቁት አለፈ። በፕሬዚዳንትነታቸው ሥራ ላይ የዋለው ወደቀ። ግራትዝ ያመለከተችበት አሠራር ሌላ ነበር፤ የነጥብ ሠንጠረዡ እሱን የተካው ክሱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? ምክንያቱ ብዛት ይመስለኛል። ሕግ ትምህርት ቤቱ በዓመት 3,500 ገደማ ማመልከቻ አንብቦ 350 ሰው ይቀበላል። የመጀመሪያ ዲግሪው ከ10,000 በላይ ፋይል ይጎርፍለታል። ያን ሁሉ አንድ በአንድ ለማንበብ ጊዜም ሰውም ያጥራል፣ ነጥብ ይቀላል። ፍርድ ቤቱ ይህን ሰበብ አልተቀበለም። ብዛት ስላለባችሁ ሕገ መንግሥቱ አይላላላችሁም ነው ያለው። ዲን ሳሉ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚያልቅ ነገር፣ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ማሽን ይጠይቃል። ማሽኑ ደግሞ ከልካይ ሕግ ያገኘዋል።

ኦኮነር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ። ከዛሬ 25 ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ድጋፍ አያስፈልግም ብለን እንጠብቃለን አሉ። 2003 ላይ 25 ጨምሩበት፣ 2028 ይመጣል።

ጄኒፈር ግራትዝ ግን 2028ን አልጠበቀችም። ሚቺጋን ውስጥ ዘመቻ መራች። በኖቬምበር 2006 የግዛቱ ሕዝብ በ58 በመቶ ድምፅ ልዩ ድጋፍን ከለከለ። ፍርድ ቤት የተገኘው ድል እዚያው በተገኘበት ምድር ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ። ዩኒቨርሲቲው በኋላ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደገለጸው የጥቁር ተማሪዎቹ ድርሻ በ2006 ከነበረበት 7 በመቶ በ2021 ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ።

ቦሊንገር ያኔ ሚቺጋን አልነበሩም። በ2001 ሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሲፈልግ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሰው ላሪ ሰመርስ ተመረጡ። በ2002 የተማሩበት ኮሎምቢያ ወሰዳቸው። እዚያ 21 ዓመት ቆዩ። በየዓመቱ ስለ ንግግርና ፕሬስ ነፃነት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ያስተምሩ ነበር፣ ክፍሉን አልለቀቁም።

እዚህ ላይ ወደ ቻይነት እንመለስ። በሴፕቴምበር 2007 የኢራኑ ፕሬዚዳንት ማሕሙድ አሕመዲነጃድ ኮሎምቢያ ተጋብዘው መጡ። ኒው ዮርክ ተናወጠች። ቦሊንገር ግብዣውን አልሰረዙም፤ በመጽሐፋቸው እንደጻፉት ነው። ግን መድረክ ላይ ወጥተው እንግዳውን ሲያስተዋውቁ «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ የአንድ ተራና ጨካኝ አምባገነን ምልክቶች በሙሉ ይታዩብዎታል» አሏቸው። እንግዳው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። አሕመዲነጃድ ተነስተው በእኛ አገር እንግዳ ጋብዞ እንዲህ አይባልም ዓይነት መልስ ሰጡ። የእኛን ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው እንጀራ ቀርቦ እንግዳ ሲሰደብ ነው። ቦሊንገር ጠበቃም ጋባዥም ዳኛም ልሁን ያሉበት ቀን ይመስለኛል። ሦስቱ በአንድ መድረክ አይገጥሙም። ባይጋብዙ አንድ ነገር ነው። ከጋበዙ ጥያቄውን ለተማሪው መተው ነበረባቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። በሴፕቴምበር 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዚያው የዓለም መሪዎች መድረክ ንግግር ለማድረግ ተጋበዙ። ብርቱካን ሚደቅሳ፣ ዳኛ የነበሩት፣ ያኔ ቃሊቲ ናቸው። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ታስረው የተፈቱት ጋዜጠኞች እስክንድር ነጋና ሰርካለም ፋሲል ከአዲስ አበባ ለቦሊንገር ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። አድራሻው ትክክል ነበር። የፕሬስ ነፃነትን ሙያው ላደረገ ሰው፣ ፕሬስ ከታገደባቸው ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ንግግሩ ተካሄደ። ውጪ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ይጮኹ ነበር። ለቴህራኑ መሪ የወጣው ዓይነት ቃል ግን ለአዲስ አበባው አልወጣም። መውጣት ነበረበት አልልም፣ ለአንዱም ባይወጣ ይሻል ነበር ብያለሁ። ግን ሚዛኑ ሁለት መሆኑን የዚያን ቀን ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ የቆመ ኢትዮጵያዊ አይስተውም ነበር። ኢራን ጠላት ነበረች፣ መለስ የዋሽንግተን ወዳጅ። እስክንድር በዓመቱ ታሰረ፣ በ2012 18 ዓመት ተፈረደበት፣ በ2018 ተፈታ።

ስለ ማንሃታንቪል ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፣ አሳጥሬ ልለፈው። ኮሎምቢያ ቦታ ጠብቦት በምዕራብ ሃርለም 17 ኤከር ላይ አዲስ ቅጥር ገነባ፣ ንድፉ የሬንዞ ፒያኖ ነው። አንሸጥም ያሉ ጥቂት ባለንብረቶች ነበሩ። አንዱ የዕቃ ማከማቻ መጋዘኖች ባለቤት፣ ሌሎቹ የነዳጅ ማደያ ባለቤቶች። ግዛቱ ለሕዝብ ጥቅም ብሎ በግድ ወሰደው። በ2009 ባለንብረቶቹ ይግባኝ ላይ አሸነፉ፣ በ2010 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ገለበጠው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልሰማም አለ። እኛ «የልማት ተነሺ» የምንለው ነው። የግል ዩኒቨርሲቲ ግንባታ የሕዝብ ጥቅም ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ለአንድ ሴሚስተር የሚበቃ የፈተና ጥያቄ ነው። ፕሬዚዳንቱ ፈተናውን ከሚያወጣበት ወንበር ተነስተው ራሳቸው ተፈታኝ የሆኑበት ሌላው ጉዳይ ይኸው ነው።

መጨረሻው ደስ የሚል አልነበረም። በ2013 ጠቅላላ ክፍያቸው 4.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚያ ዓመት ከግል ኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች የሚበልጣቸው አልነበረም። በ2021 መጨረሻ ተማሪ ሠራተኞች ለአሥር ሳምንት ያህል ሥራ አቆሙ። በ2022 የራሳቸው የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዲየስ ኮሎምቢያ ለደረጃ አውጪው ዩ ኤስ ኒውስ ያቀረበው አኃዝ ልክ አይደለም ብለው ዘርዝረው አወጡ። ዩኒቨርሲቲው ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። ያቺ ሠንጠረዥ እንደገና መጣች፣ አሁን የሚታረመው ኮሎምቢያ ራሱ ሆኖ።

በኤፕሪል 2022 በሚቀጥለው ዓመት እንደሚለቁ አስታወቁ። የመጨረሻ ቀናቸው ጁን 30 ቀን 2023 እንዲሆን ተወሰነ።

በዚያው ሳምንት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሃርቫርድና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎችን የቅበላ መዝገቦች ይዞ ነበር። ሐሙስ ጁን 29፣ በእኛ ሰኔ 22 ቀን 2015፣ ፍርዱ ወጣ። ዋና ዳኛ ሮበርትስ ጻፉት፦ በዘር ላይ የተመሠረተ ቅበላ አይቻልም። ግሩተር ተሽሯል ብለው በግልጽ አልጻፉም። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ግን በለየ አስተያየታቸው በተግባር ተሽሯል ሲሉ ጻፉ። የኦኮነር 25 ዓመት ሊሞላ አምስት ቀርቶት ነበር።

ቦሊንገር ዓርብ ቢሮአቸውን ለቀቁ። ቅዳሜ ተተኪያቸው ሚኑሽ ሻፊቅ ገቡ፣ 14 ወር ሳይሞላቸው እሳቸውም ለቀቁ። ቦሊንገር ኮሎምቢያ ውስጥ ፕሮፌሰር ሆነው ቀሩ። መዝገቡም በሕግ ተማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ ስማቸው ከነቁጥሩ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ተጠሪ በሚቆምበት ቦታ።